የማላውቀው ልጅ መዝገብ

ጋሼ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ፒያሳ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያስቆም ሱቅ ውስጥ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግኑ ነው ጎልማሳነታቸው ያለፈው። አሁን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልጃቸው ቤት ምድር ቤት ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መብራትና ከአዲስ አበባ ይዘውት የመጡት ቴስተር አላቸው። ኅዳር ውስጥ አንድ ቅዳሜ የድሮ ጌም ማጫወቻዬን በቦርሳ፣ አንዲት ግራጫ ካሴት ደግሞ በመሀረብ ጠቅልዬ ሄድኩባቸው። ባትሪ እንዲቀይሩልኝ ነበር። ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ እኛ ግን እስኪመሽ ቆየን።

ጋሼ፦ በስልክ «አንድ ዕቃ አለኝ» ስትዪኝ ጠረጴዛውን በሙሉ አጽድቼ ነው የጠበቅሁሽ። ይህቺ ናት?

እኔ፦ ይህቺ ናት ጋሼ። የሱፐር ኒንቴንዶ ካሴት ናት። ጌሙ «ኧርዝባውንድ» ይባላል።

ጋሼ፦ ስንት አወጣሽባት?

እኔ፦ 270 ዶላር።

ጋሼ፦ ከማጫወቻው ጋር ነዋ።

እኔ፦ ካሴቷ ብቻ። ማጫወቻውን ቀደም ብዬ ነው የገዛሁት።

ጋሼ፦ እሺ፤ ቁጭ በይና አስረጂኝ። እኔ ዋጋ ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው ውስጡ ምን አለ ብዬ ነው። ቴሌቪዥን ከተወደደ ቱቦው ደህና ነው ማለት ነው። እዚህች ውስጥ ምን አለ?

እኔ፦ ጥቂት ቺፕና አንዲት ክብ ባትሪ። ዋጋው ከውስጧ አልመጣም። በፈረንጆቹ 1995 አሜሪካ ውስጥ ገበያ ላይ ስትወጣ፣ ትልቅ ካርቶንና መመሪያ መጽሐፍ ተጨምሮላት 70 ዶላር ገደማ ነበረች። ያስተዋወቋትም «ይገማል» እያሉ ነው፤ መጽሔት ላይ ሲፋቅ የሚሸት ወረቀት ሳይቀር ለጥፈው። ሰው አልገዛም። አሜሪካ ውስጥ የተሸጠው 140,000 ገደማ እንደሆነ ይነገራል፤ ለኒንቴንዶ ይህ ኢምንት ነው። ካርቶኑን ደግሞ ልጆቹ በገዙበት ቀን ቀደው ጣሉት። አሁን ካርቶኑም መጽሐፉም ያልጎደለ ሲገኝ ከሺህ ዶላር ያልፋል።

ጋሼ፦ ከዕቃው መጠቅለያው ተወደደ በዪኛ።

እኔ፦ አዎ። እሱም ገና መጀመሪያው ነው።

ጋሼ፦ ቆይ፣ እንክፈታትና እናወራለን። ይሄ ብሎን ምን ዓይነት ነው? ካቻቢቴ እምቢ አለኝ።

እኔ፦ ማንም እንዳይከፍተው ልዩ ራስ ሠርተውለት ነው። መፍቻው 3.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይኸው፣ ይዤልዎታለሁ።

ጋሼ፦ ሰው እንዳይከፍተው ተብሎ የተሠራ ዕቃ አልወድም። ዕቃ ይበላሻል፤ ሲበላሽ መከፈት አለበት። በይ፣ ተከፈተች። ምን ልይልሽ?

እኔ፦ ቦርዱ ላይ የኒንቴንዶ ስም አለ? ዓመትስ ተጽፎበታል?

ጋሼ፦ ሁለቱም አለ። ብየዳውም የፋብሪካ ነው፤ እጅ አልነካውም። ምነው ተጠራጠርሽ?

እኔ፦ ዋጋው ሲወጣ አስመስሎ የሚሠራው ተከትሎ መጣ። ከውጭ ሲያዩት አይለይም፤ ካልከፈቱት አያውቁትም። ይህች ጌም ደግሞ ተቀድታ ከሆነ ትበቀላለች። ሠሪዎቹ ውስጧ ወጥመድ አስቀምጠዋል፤ ቅጂ መሆኗን ካወቀች መንገዱን በጠላት ትሞላዋለች። ያን ሁሉ ችሎ መጨረሻው ውጊያ ላይ የደረሰ ልጅ ቢኖር፣ እዚያው ድርቅ ትልበታለች። መልሶ ሲከፍታት እስከዚያ ያስቀመጠው ሁሉ የለም።

ጋሼ፦ ይሄ ጭካኔ ነው። ልጁ ምን አጠፋ? የቀዳው ሌላ፣ የሸጠው ሌላ።

እኔ፦ እኔም ይህን ማሰብ አልተውኩም። ብዙው ልጅ እውነተኛውና ቅጂው የሚለይ መሆኑን እንኳ አያውቅም።

ጋሼ፦ ባትሪዋ 2.6 ቮልት ታሳያለች። አዲስ ሳለች 3 የነበረች ናት። ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው እኮ፤ አልተኛችም። ግን ለምንድነው ባትሪ ያስፈለጋት? ማጫወቻው ሶኬት ላይ አይደል የሚሰካው?

እኔ፦ ጌሙ ራሱ ባትሪ አይፈልግም፤ ቺፑ ላይ የታተመ ነው። ባትሪዋ የምትጠብቀው የተጫዋቹን ነው፤ የት እንደደረሰ፣ ምን እንደያዘ፣ ስሙን ማን እንዳለ። ማጫወቻው ሲጠፋ ያን የያዘው ትንሽ ቺፕ በእሷ ኃይል ያድራል። እሷ ስትሞት ጌሙ ይሠራል፤ ግን ማታ የደረሱበትን ጠዋት አያስታውስም።

ጋሼ፦ ገባኝ። እንግዲያው ነቅዬ አዲስ ልበይድላት።

እኔ፦ ጋሼ፣ አይንቀሏት! ከነቀሏት ይጠፋል።

ጋሼ፦ ምኑ? ያንቺ?

እኔ፦ የእኔ አይደለም። የማን እንደሆነ አላውቅም።

ጋሼ፦ አላውቅም ስትዪ?

እኔ፦ ሦስት ሰው መዝገብ የሚይዝበት ቦታ አላት። ገዝቻት የመጣሁ ዕለት ስከፍታት ሁለቱ ባዶ ናቸው፤ አንዱ ላይ የአንድ ልጅ ስም አለ፣ ደረጃ 47 ደርሷል። ገባሁበት። የዋናዎቹን አራት ልጆች ስም የሚያወጣው ተጫዋቹ ነው፤ ይህ ልጅ የእህት ወንድሞቹን ይሁን የጓደኞቹን ስም አውጥቶላቸዋል። ጌሙ የሚወዱትን ምግብም ይጠይቃል። ወደ ቤቱ ስመልሰው እናትየዋ ፒዛ አበላችው።

ጋሼ፦ ልጁ ዛሬ ትልቅ ሰው ነዋ።

እኔ፦ አርባን ሳይነካ አይቀርም፣ ካለ። ካሴቷ በስንት እጅ እንደዞረች አላውቅም። እሷ ግን እስከ ዛሬ ይዛለታለች።

ጋሼ፦ ለዚህ ገበያው ስንት ጨመረባት?

እኔ፦ ቀነሰባት እንጂ። ተለጣፊው ጥግ ላይ በማርከር የተጻፈች ፊደል አለች፤ ያዩዋታል? የስሙ መነሻ ናት። ሻጩ 300 ብሎ የነበረው በእሷ ምክንያት ነው 270 ያደረገልኝ። ስም የተጻፈበት፣ የኪራይ ቤት ምልክት ያለበት፣ ጥጉን ሕፃን ያኘከው፣ ሁሉም ይቀነስለታል። የልጅ እጅ ያረፈበት ሁሉ እንደ ጉድለት ይቆጠራል።

ጋሼ፦ የሚጨመርለትስ የቱ ነው?

እኔ፦ ማንም ያልነካው። በፈረንጆቹ ጁላይ 2021 ዳላስ ያለው የሄሪቴጅ ጨረታ ቤት በሁለት ቀን ልዩነት ሁለት የታሸጉ ካሴቶች ሸጠ። መጀመሪያ «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ» በ870,000 ዶላር፣ ቀጥሎ «ሱፐር ማሪዮ 64» በ1.56 ሚሊዮን። ወር ሳይሞላ ደግሞ አንድ የታሸገ «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» በሌላ ገበያ 2 ሚሊዮን ዶላር አወጣ።

ጋሼ፦ ሚሊዮን? ከዓለም አንድ ብቻ የቀረ ቢሆን ነው።

እኔ፦ «ሱፐር ማሪዮ 64» እኮ ከ11 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። የዚያን ማጫወቻ ከገዙት ሰዎች ከሦስት አንዱ ጋ ነበር ማለት ነው። ያገለገለው ዛሬም ሃምሳ ዶላር ሳይሞላ ይገኛል። ብርቁ ላስቲኩ ነው። ደረጃ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ፤ የላስቲኩን መታጠፊያ፣ የካርቶኑን ጥግ እያገላበጡ አይተው ከ10 ነጥብ ይሰጡና በጠንካራ ፕላስቲክ ያሽጉታል። ያ ማሪዮ ያገኘው 9.8 ነበር። ከዚያ በኋላ አይጫወቱበትም። ላስቲኩ የተቀደደ ዕለት ሚሊዮኑም አብሮ ይቀደዳል።

ጋሼ፦ ሱቄ ሳለሁ እንደዚያ ያለ ሬዲዮ ያመጡልኝ ነበር። ሀብታም ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ዳንቴል ለብሶ ሃያ ዓመት የተቀመጠ፣ ጭረት የለበት። «ምንም አልነካነውም እኮ፣ ለምን አይሠራም?» ይሉኛል። ስላልነካችሁት ነው እላቸዋለሁ። ካፓሲተሩ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ይበላሻል። ኤሌክትሪክ ያላለፈበት ዕቃ ይሞታል።

እኔ፦ ያ የታሸገ «ዜልዳ»ም ባትሪ አለው። በአሜሪካ ገበያ መዝገብ መያዣ ባትሪ ከተገጠመላቸው የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ማንም ስሙን ያልጻፈበትን ባዶ ቦታ እየጠበቀች ነው የምታልቀው።

ጋሼ፦ ባዶ ቦታ።

እኔ፦ እውነተኛ ብርቅ የለም አልልዎትም። በ1990 ኒንቴንዶ በአሜሪካ ከተሞች እየዞረ ውድድር ሲያካሂድ ለፍጻሜ ለደረሱት 90 ግራጫ ካሴት ሰጠ፤ በመጽሔቱ ዕጣ ደግሞ 26 ወርቃማ። እነዚያ ቢወደዱ ይገባኛል፤ ቁጥራቸው ይታወቃል፣ በላብ የተገኙ ናቸው። የሚያናድደኝ የላስቲኩ ዋጋ ወርዶ ወርዶ ተራው ካሴት ላይ መድረሱ ነው። ጋዜጣ ላይ ሚሊዮን ያየ ሰው ቤቱ ያለውን አሮጌ ካሴት ዋጋ ቆልሎ ያወጣዋል። የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ አምስት ዶላር ይሸጥ የነበረው ሠላሳ ይባላል።

ጋሼ፦ ገዢው ማነው? ሁሉም ሚሊዮነር አይደለ።

እኔ፦ እንደኔ ያለው ነው። በልጅነቱ በመስታወት አይቶት ያለፈ፣ አሁን ደመወዝተኛ የሆነ። በ2020 ሰው ሁሉ ቤቱ ሲዘጋበት ዋጋው ሽቅብ ወጣ። ከዚያ በፊትም ምልክቱ ነበር፤ በ2016 ኒንቴንዶ የጥንቱን ማጫወቻ መዳፍ አሳክሎ፣ 30 ጌም ጭኖበት በ60 ዶላር ሲያወጣው ከመደርደሪያ ላይ ወዲያው አለቀ፤ ያልደረሰው ሰው በእጥፍና ከዚያ በላይ ከነጋዴ ገዛው። ያ እዚያ ጥግ ያለው የእርስዎ ሶኒ ትሪኒትሮን ቴሌቪዥን እንኳ ፈላጊው ብዙ ነው።

ጋሼ፦ ይሄ? ባለቤቱ ውሰድልኝ ብሎ ሃያ ዶላር ከፍሎኝ ነው ያመጣሁት! ሁለት ሰው ነው የተሸከመው።

እኔ፦ የድሮ ጌም የተሣለው ለዚያ ቱቦ ነው። በሽጉጥ የሚጫወቱት ጌሞች ጭራሽ በአዲሱ ቴሌቪዥን አይሠሩም፤ ሽጉጡ ዒላማውን የሚያውቀው ቱቦው ብርሃን በሚረጭበት ቅጽበት ነው። ቱቦውን ዛሬ የሚሠራ ፋብሪካ የለም ማለት ይቻላል፤ መጠገን የሚያውቀውም እያነሰ ነው። እርስዎ እኮ ብርቅ ነዎት።

ጋሼ፦ ተዪኝ እስቲ። አንቺ ግን በልጅነትሽ ይህን ተጫውተሻል? እናትሽ እንዲህ ያለ ነገር ስትገዛ አላስታውስም።

እኔ፦ አልገዛችም። ሁለት ፈረቃ እየሠራች 70 ዶላር ከየት ታመጣለች? ማጫወቻውን ጎረቤት ሰጠን፣ ካሴት ከቪዲዮ ቤት እንከራይ ነበር። ዓርብ ወስደን እሑድ ማታ እንመልሳለን። ከመጣሁ ገና ዓመቴ ነበር፤ እንግሊዝኛ ማንበብ የለመድኩት በዚህች ጌም ነው። የሚወዱትን ምግብ ጻፉ ስትለኝ ምን እንደጻፍኩ ያውቃሉ? «ዶሮ»፣ በእንግሊዝኛ ፊደል። ልጁ ደክሞት ቤቱ ሲገባ እናቱ ዶሮ ሠርታ ጠበቀችው። ክፍሌ ውስጥ ዶሮ ወጥ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አንድም ልጅ አልነበረም፤ ቴሌቪዥን ውስጥ ያለችው ፈረንጅ ግን ሠራችልኝ።

ጋሼ፦ እናት አለችው። አባትስ የለውም?

እኔ፦ አለው፤ ግን አይታይም። በስልክ ብቻ ነው። ስልክ ያገኙበት ቦታ ይደውሉለታል፤ ባንክ ያስገባልዎትን ገንዘብ ይነግርዎታል፣ የደረሱበትንም የሚመዘግበው እሱ ነው። ሴቭ የሚደረገው ለአባት በመደወል ነው። ከመነሻ እስከ መድረሻ ፊቱን አያዩትም።

ጋሼ፦ አባትሽ ያኔ አዲስ አበባ ነበር።

እኔ፦ አራት ዓመት። እሑድ እሑድ እናቴ የስልክ ካርድ ትገዛለች፣ ቁጥሩን እፍቃለሁ፣ እንደውላለን። ደቂቃው ሳያልቅ ሁሉንም እነግረዋለሁ፤ ፈተና ስንት እንዳመጣሁ፣ ማን እንደሰደበኝ። በሳምንቱ ሲያነሳ ካቆምኩበት ነበር የሚጀምረው። አንዱንም አይረሳም። ጌሙን ሺጌሳቶ ኢቶይ የሚባል ጃፓናዊ ጸሐፊ እንደፈጠረው ያወቅሁት አድጌ ነው። ያኔ እኛን የሚያውቅ ሰው የሠራው ነበር የሚመስለኝ።

ጋሼ፦ ይህን ነግረሽኝ አታውቂም።

እኔ፦ እና እሑድ ማታ ካሴቱ ይመለሳል። በሚቀጥለው ዓርብ ስንከራየው ሌላ ልጅ እኔ ላይ ደርቦ ጽፏል። ሦስት ጊዜ ጠፋሁ። ለዚህ ነው የዚህን ልጅ እንዳይነቅሉት የምለምንዎት።

ጋሼ፦ አልነቅለውም፤ ቆይ። ግን ጌሙን ዛሬ በሌላ መንገድ መጫወት አይቻልም? 270 ዶላር የሌለው ልጅስ?

እኔ፦ ይህችን ይቻላል። ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ ስዊች በሚባለው የኒንቴንዶ ማጫወቻ ላይ ክፍያ ለሚከፍል ተከፍታለች። እሱም ኪራይ ነው፤ መክፈል ያቆሙ ዕለት የለም። ከዚያ በፊት ዊ ዩ በሚባለው ማጫወቻ ትሸጥ ነበር፤ የዚያ ሱቅ ማርች 27፣ 2023 መሸጥ አቆመ። ይህች ደግሞ ዕድለኛዋ ናት። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ ገበያ ላይ የሉም። አሮጌውን ካሴት ፈልገው ካልገዙ ወይም ካልቀዱ የለም።

ጋሼ፦ ቤተ መጻሕፍት ለምን አያስቀምጠውም?

እኔ፦ ማስቀመጥ ይችላል። ተመራማሪ ቤቱ ሆኖ እንዲያየው በኢንተርኔት ማዋስ ነው የተከለከለው። ቤተ መጻሕፍቱ ይፈቀድልን ብለው ጠይቀው የአሜሪካ የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤት በኦክቶበር 2024 እምቢ አላቸው። ስለዚህ የዚህ ነገር ማኅደር በየቤቱ ያለ ሰብሳቢ ነው፤ እኔ ነኝ። ለዚህ ነው ቅጂውን የማልኮንነው። ሚሞሪ ካርድ የሚያስገቡባቸው ባዶ ካሴቶች አሉ፣ ሁሉም ጌም አንዷ ላይ ይጫናል። ገንዘብ የሌለው ልጅ በእሷ ቢጫወት ደስ ይለኛል። እውነተኛ ብሎ ሸጦ የሚያታልለውን ነው የምጠላው።

ጋሼ፦ እኛ ዘንድ ሁሉም ቅጂ ነበር። ሱቄ የሚመጣው ማጫወቻ ቻይና የተሠራ፣ ከዱባይ በሻንጣ የገባ፣ መልኩ የጃፓኑን የሚመስል ነው። ካሴቱ ላይ ስንትና ስንት መቶ ጌም አለ ይላል፤ ሲከፍቱት አራት አምስቱ እየተደጋገመ ነው። የሚበላሸው አዳፕተሩ ነበር። ሰፈር ውስጥ አንድ ማጫወቻ ካለ ሃያ ልጅ ተራ ይጠብቃል፣ የሞተበት ይነሣል። ካሴቱ እምቢ ሲል አውጥተው እፍ! መልሰው ይሰኩታል።

እኔ፦ እዚህም እፍ ነበር! በዓለም ሁሉ እፍ ይባላል። ማንም አላስተማረንም፤ ኒንቴንዶ አትንፉበት ነበር የሚለው።

ጋሼ፦ ትንፋሽ እርጥብ ነው፣ መዳቡን ያዝገዋል። በአልኮልና በጥጥ ነው። ስንቱን ልጅ መክሬያለሁ።

እኔ፦ ከእነዚያ አንድ ካሴት አስቀርተዋል?

ጋሼ፦ አንድም። ማን ያስቀራል? ሲሞት ለመለዋወጫ ፈታነው፣ የቀረው ተጣለ። በኋላ ፕሌይስቴሽን ቤት በየሰፈሩ ሲከፈት ያ ሁሉ ተረሳ። እስከ ዛሬ አስቤውም አላውቅ፤ አሁን ስታወሪ ነው የቆጨኝ።

እኔ፦ መጀመሪያ ያልጣለ አገር የለም ጋሼ። አታሪ የሚባለው የጌም ኩባንያ በ1983 ያልተሸጡለትን ካሴቶች በመኪና ጭኖ ኒው ሜክሲኮ፣ አላሞጎርዶ ከተማ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ቀበራቸው። በ2014 ሰዎች ቆፍረው 1,300 ያህል አወጡ። ከተማዋ አብዛኛውን ሸጣ ከ100,000 ዶላር በላይ አገኘች። አንዱ ካሴት ከነአፈሩ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ገብቷል፤ ከዚህ በሜትሮ የምንደርስበት።

ጋሼ፦ በይ፣ አሁን ስሚኝ። ባትሪዋን ሳልነቅል ሁለት ሽቦ ከጎኗ እበይዳለሁ፤ ከሁለት የባትሪ ድንጋይ 3 ቮልት ይመጣለታል። ቺፑ ያን እየጠጣ ሳለ አሮጌዋን አውጥቼ አዲሷን እተካለሁ። በሽተኛን ግሉኮስ ሰክቶ እንደማዘዋወር ማለት ነው። መበየጃውን ካጋልኩት በኋላ ከሶኬት እነቅለዋለሁ፣ ከግድግዳ የሚመጣ ነገር እንዳይነካው። ግን እጄ አንዴ ከተንቀጠቀጠ ልጁ የለም። ልሞክር?

እኔ፦ ዝም ብንላትም ታልቃለች። ይሞክሩ።

ጋሼ፦ መብራቱን ወደዚህ አቅርቢልኝ። ወረንጦውን። ሽቦዋን በጣትሽ ያዢልኝ፣ እንዳትለቂ። እ... ወጣች። አትተንፍሺ። እ... ይኸው። ሊዱ ያዘ። አሁን ልቀቂ። ቴስተሩን ስጪኝ፤ 3.2።

እኔ፦ ሳንዘጋት እንሰካት?

ጋሼ፦ ስኪያት። እፍ እንዳትዪባት ብቻ።

እኔ፦ እንዴት ይህ ቱቦ እስኪሞቅ ይዘገያል...

ጋሼ፦ መጣ። የትኛው ነው ስሙ? መነጽሬን ረስቼ...

እኔ፦ አለ። የመጀመሪያው መስመር ላይ፣ 47። አለ ጋሼ።

ጋሼ፦ ተመስገን። ታዲያ ያንቺን ሁለተኛው ላይ ጀምሪያ፤ ጎረቤት ሁኑ።

እኔ፦ ማታ እጀምራለሁ። ምግቡን ምን እንደምጽፍ አውቄያለሁ።

ጋሼ፦ አጥፊና አውጫት፣ ልዝጋት። ቆይ፣ ፕላስተር አለ? እኔ ባትሪ የቀየርኩበት ዕቃ ሁሉ ውስጡ ቀን እጽፋለሁ፤ ቀጥሎ የሚከፍተው ያውቀው ዘንድ። ይህች ሃያ ዓመት ታገለግላለች፤ ያኔ የሚከፍታት ሌላ ነው። በእነሱ አቆጣጠር ልጻፈው?

እኔ፦ በእኛ ይጻፉት።

ጋሼ፦ ኅዳር 2017 ካልኩት ከፋቹ ግራ ይገባዋል እኮ፤ ሰባት ዓመት ይሳሳታል።

እኔ፦ «ዓመተ ምሕረት» ብለው ይጨምሩበት። ፊደሉን ሲያይ ሰው ይጠይቃል።